የኃያላን ማዕረግ

የሰው ልጅ ከእርሱ የሚበልጠውን ባየ ጊዜ ሁሉ ከማድነቅ ቀጥሎ የሚያደርገው ነገር ማወዳደር ነው፤ ካወዳደረም በኋላ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ማዕረግ ሳይሰጥ ልቡ አያርፍም። ጦረኛን ከጦረኛ፣ ባለቅኔን ከባለቅኔ፣ ጻድቅን ከጻድቅ ጋራ ሲያመዛዝን ይኖራል። ይህ ጠባይ ዛሬ የተወለደ ሳይሆን ከሰው ጋራ አብሮ የኖረ ስለ ሆነ፣ ክፉ ነው ብሎ ከመንቀፍም የልጅ ጨዋታ ነው ብሎ ከመናቅም በፊት፣ ኃያላን በምን ሚዛን ሊመዘኑ ይገባል? ብሎ መጠየቅ ለአስተዋይ ሰው የተገባ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መነሻ የሆነኝ በሸቤ ያሳለፍነው ክረምት ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በዚህች የቡና ከተማ፣ ክረምት ማለት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት፣ መንገዱ በጭቃ የሚያዝበት፣ ቡናው ገና በቅርንጫፉ ላይ እንደ ለመለመ ጥቅምትን የሚጠብቅበት፣ ስለዚህም በየቤቱ ሥራውም ገንዘቡም የሚያንስበት ወራት ስለ ሆነ፣ መብራት በመጣ ቁጥር ወጣቶች በአንድ ቴሌቪዥን ዙሪያ ይሰበሰባሉ። እነዚህም ወጣቶች፣ ማርቭል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2008 «አይረን ማን» ብሎ ከጀመረው አንሥቶ በ2019 እስከ ወጣው «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» ድረስ ያሉትን 22 ፊልሞች፣ ከዚህ በፊት አንዳንዱን በትርጉም፣ አንዳንዱን በፍላሽ አስጭነው፣ የኋላውን ከፊተኛው አስቀድመው ያዩዋቸውን፣ አሁን እንደ አወጣጣቸው ተራ ጠብቀው ደግመው በማየት፣ ለእያንዳንዱ ፊልምና ለእያንዳንዱ ኃያል ማዕረግ ሊሰጡ ተስማሙ። እኔም በዕድሜ ከእነርሱ የራቅሁ ብሆን፣ ዝናሙ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ክርክራቸውን ስሰማ ከረምሁ።

በመጀመሪያ የወጣው ዝርዝር፣ እንደሚጠበቀው፣ በጉልበት የተመዘነ ነበር። ነጎድጓድ የሚታዘዝለት ቶር፣ ቁጣው በጨመረ መጠን ብርታቱ የሚጨምረው ኸልክ፣ በብረት ልብስ ሰማይን የሚሰነጥቀው ቶኒ ስታርክ፣ ማን ማንን ይጥላል በሚለው ክርክር ከፍና ዝቅ ሲሉ ሰነበቱ፤ ከፊልሞቹም መካከል ብዙ ከተማ የፈረሰበትና ብዙ ሠራዊት የተሰለፈበት የላይኛውን ሥፍራ ያዘ። ነገር ግን ዳግመኛ ማየቱ እየገፋ በሄደ መጠን ይህ ሚዛን እጅ ሳይነካው ተሰበረ። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ያወቀ ተመልካች ልቡ የሚንጠለጠልበት ነገር ስለሌለው፣ ዓይኑ ከአሸናፊው ላይ ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ መመልከት ይጀምራል፤ ያን ጊዜም፣ በመጀመሪያው ዕይታ በጭሱና በጩኸቱ ተሸፍኖ የነበረው፣ ድሉ የተገዛበት ዋጋና ዋጋውን የከፈለው ሰው ይገለጡለታል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ምሥጢር ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ስንክሳር በየዕለቱ ሲነበብ ኖሮ ዓመቱ ሲዞር እንደ ገና ከመጀመሪያው የሚጀመረው ምእመናን ዜናውን ስለሚረሱት ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 23 ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስን ተጋድሎ ለመስማት በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን የሚቆም ሽማግሌ፣ ሰማዕቱን በመጨረሻ ሰይፍ እንደሚጠብቀው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ሆኖም ይሰማል፤ ሰምቶም ያለቅሳል። ፍጻሜው ለታወቀ ታሪክ የሚቀርለት ጥያቄ፣ ይህ ሰው ሹመትና ሕይወት በአንድ ወገን፣ እውነት በሌላ ወገን ቀርበውለት ሳሉ የለቀቀው ምንድር ነው? የሚለው ብቻ ነውና። መጀመሪያ መስማት ጉጉትን ሲያጠግብ፣ ደግሞ መስማት ፍርድን ያስተምራል።

ኃያላንን በማዕረግ መደርደርም ለቅዱሳት መጻሕፍት እንግዳ ነገር አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ በምዕራፍ 23 የዳዊት ኃያላን ስማቸው ከነሥራቸው ተጽፏል። ጸሐፊውም ስም በመዘርዘር ብቻ ሳይወሰን፣ ሦስቱን ከሁሉ በላይ አድርጎ፣ በበረዶ ቀን ወደ ጕድጓድ ወርዶ አንበሳ የገደለውን የዮዳሄን ልጅ በናያስን እንኳ፣ ከሠላሳው ይልቅ የከበረ ሆኖ ሳለ ከሦስቱ ማዕረግ እንዳልደረሰ ያመለክታል። በዚህ ሁሉ የጦር ዜና መካከል ግን ከመግደል ጋራ ግንኙነት የሌለው አንድ ነገር ገብቶበታል። ዳዊት በዓዶላም ዋሻ ሳለ፣ የፍልስጥኤማውያን ጭፍራ በቤተ ልሔም በነበረ ጊዜ፣ በከተማይቱ በር አጠገብ ካለው ጕድጓድ ውኃ ለመጠጣት ተመኘ፤ ሦስት ኃያላንም የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው አልፈው ቀድተው አመጡለት። ንጉሡ ግን በነፍሳቸው ተወራርደው ያመጡትን ውኃ እንደ ደማቸው ቈጥሮ ሊጠጣው አልወደደም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው።

ይህን ክፍል በመጀመሪያ የሚያነብ ሰው የሚያደንቀው የሦስቱን ድፍረት ነው፤ ደግሞ የሚያነብ ግን የንጉሡን መከልከል ያስተውላል። ዳዊት በዚያች ሰዓት፣ ሌላ ሰው በነፍሱ የከፈለበትን ነገር ለገዛ ደስታው ሊያደርገው ሥልጣን እንደሌለው ዐወቀ። ሦስተኛ የሚያነብ ደግሞ እስከ ዝርዝሩ መጨረሻ ይደርስና ይደነግጣል፤ ከ37ቱ ኃያላን በመጨረሻ የተጻፈው ስም ኬጢያዊው ኦርዮ ነውና። ይኸውም ይኸው ንጉሥ ሚስቱን ወስዶ፣ በደሉንም ለመሸፈን ሰልፉ ከበረታበት ሥፍራ አቁሞ ያስገደለው ወታደር ነው። የሦስት ሰዎችን ድካም ለመጠጣት የፈራ ሰው የአንዱን ደም ለመጠጣት አልፈራም። ጸሐፊው በዚያ ሥፍራ ወቀሳ አልጨመረም፤ ስሙን ብቻ ከኃያላኑ ጋራ ቈጠረው፤ ንጉሡም ባፈሰሰው ውኃ ሲመሰገን በዚያው ምዕራፍ በኦርዮ ስም ይከሰሳል።

እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኃያልን ማዕረግ የሚቈርጠው ሊያደርገው የሚችለው ነገር ብዛት ሳይሆን፣ ታላቅነቱ በማን ዋጋ እንደ ተገዛ ነው። የቡና ደረጃ የሚያወጣ ባለሙያ ፍሬውን በዓይኑ መርምሮ ብቻ እንደማይፈርድ፣ ቈልቶና አፍልቶ ከቀመሰው በኋላ ቃሉን እንደሚሰጥ ሁሉ፣ የኃያላንም ነገር ዋጋው እስኪቀመስ ድረስ በመልኩ ብቻ ሊፈረድ አይገባም።

በዚህ ሚዛን ፊልሞቹን ስንመለከት ተራቸው ሁሉ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የካፕቴን አሜሪካ የመጀመሪያ ፊልም፣ ስቲቭ ሮጀርስ ገና ደካማና ቀጭን ወጣት ሳለ፣ በልምምድ ሜዳ ላይ የተወረወረውን ቦምብ እውነተኛ መስሎት ጓደኞቹን ለማዳን በሆዱ ይተኛበታል፤ ቦምቡ ሐሰተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ፈቃዱ ግን እውነተኛ ነበረ። ኃይል የተሰጠው ከዚያ በኋላ ስለ ሆነ፣ ጀግንነቱ ከኃይሉ የመነጨ አለመሆኑን ያ ትዕይንት ያስረዳል። በ2016 በወጣው «ሲቪል ዋር» ደግሞ፣ በምናብ የተፈጠረች የአፍሪካ አገር የሆነችው የዋካንዳ ተወላጅ ትቻላ የአባቱን ገዳይ ሲያሳድድ ቈይቶ በእጁ ባስገባው ጊዜ፣ በቀል ሌሎቹን እንዴት እንደ በላቸው ስላየ፣ ገዳዩን ከመግደል ተከለከለ፤ ገዳዩ ራሱን ሊገድል ሲልም እጁን ያዘው። በሸቤ የቤተ ክርስቲያኑም የመስጊዱም ጎረቤት የሆነ ሰው ይህን ትምህርት ከሁለቱም ወገን ሰምቶታል፤ መጽሐፈ ምሳሌ ከተማ ከሚይዝ ይልቅ መንፈሱን የሚገዛ እንደሚበልጥ ሲናገር፣ በሐዲስም ነቢዩ ሙሐመድ ብርቱነትን ታግሎ በመጣል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ነፍስን በመግዛት እንደ መዘኑ ተላልፏል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚያጐላው ታኖስ ነው። ይህ የክፋት አለቃ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ኢንፊኒቲ ዋር» ታላቅ ኃይል ያላቸውን ስድስት ዕንቍዎች ሰብስቦ፣ ፍጥረት ስለ በዛ የዓለም በረከት አይበቃውም በሚል ምክንያት፣ ጣቱን አንድ ጊዜ በማጮህ ሕያው ከሆነው ሁሉ እኵሌታውን ያጠፋል። ራሱንም እንደ ጨካኝ አይቈጥርም፤ ለዓለም ሲል የሚወድደውን የሠዋ ይመስለዋል። ከዕንቍዎቹ አንዱን ለማግኘት የሚወድዱትን መሥዋዕት ማድረግ ግድ በሆነበት ገደል አፋፍ ላይ፣ ያሳደጋትን ጋሞራን እያለቀሰ ይጥላታል። ልቅሶው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ከገደሉ የወደቀው እርሱ አልነበረም። ኦሪትን የሚያነብም አረፋን የሚያከብርም በልጁ ላይ ቢላዋ ያነሣ አባት ያውቃል፤ ያ እጅ ግን ከላይ በመጣ ቃል ተይዟል፤ በሌላው ነፍስ ዕዳን መክፈል በመሥዋዕት ስም እንዳይጸና። በ«ኤንድጌም»፣ በዚያው ገደል አፋፍ ላይ፣ ናታሻና ክሊንት የተባሉ ሁለት ጓደኛሞች ይቆማሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይታገላሉ፤ የሚታገሉትም እያንዳንዱ ሌላውን አድኖ ራሱ ለመውደቅ ነው። አንዱ ገደል ለአንዱ ወንጀል፣ ለሌላው መሥዋዕት የሆነው ዋጋውን የከፈለው ስለ ተለየ ነው። ቶኒ ስታርክም በመጨረሻ ዕንቍዎቹን በእጁ አድርጎ ያንኑ ጣት ሲያጮህ፣ ሥራው በመልኩ ከታኖስ ሥራ ጋራ አንድ ነበረ፤ ሞቱ ግን የራሱ ነበረ።

ወጣቶቹ እዚህ ሲደርሱ ብዙዎቹ አንደኛውን ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ2018 ለወጣው ለ«ብላክ ፓንተር» ሰጡ፤ አፍሪካ በቅኝ ገዥ ሳትነካ፣ በጥበብ በልጽጋ፣ በሊቃውንቷና በሴት ጦረኞቿ ታጅባ የታየችበት ፊልም ስለ ሆነ ልባቸው ወደዚያ ቢያዘነብል አያስነቅፋቸውም። ነገር ግን የራሱ የፊልሙ ተቃዋሚ የሆነው ኪልሞንገር የሚያነሣው ክስ ከሚዛናችን ጋራ አንድ ነው፤ ዋካንዳ ደጇን ዘግታ ሀብቷን ሸሽጋ በሰላም ስትኖር፣ ወገኖቿ በባርነት ተሸጠው በባዕድ አገር ሲደክሙ፣ የሰላሟን ዋጋ ማን ከፈለ? ክሱን ያቀረበው ሰው ዓመፀኛ መሆኑ ክሱን ውድቅ አያደርገውም፤ ትቻላም በመጨረሻ በሩን የከፈተው ክሱ እውነት መሆኑን ስለ ተቀበለ ነው።

ይህ ጥያቄ ደግሞ ለሸቤ ሰው የተረት ጥያቄ አይደለም። ከከተማይቱ ወደ ደቡብ ሲወርዱ የጎጀብ ወንዝ አለ፤ ወዲህ የጅማ፣ ወዲያ የከፋ መንግሥት የነበረበት አገር ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ግዛታቸውን ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ባሰፉ ጊዜ፣ የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ ግብር ለመክፈል ተስማምተው ገቡ፤ በዚህም አገራቸውን ከጥፋት አድነው፣ እ.ኤ.አ. በ1878 የጀመሩትን ንግሥና እስከ 1932 ድረስ በጅሬን ቀጠሉ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ግን አልገዛም ብለው ተዋጉ፤ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው ጦር አገሪቱን ብዙ አጥፍቶ ንጉሡን ማረካቸው፤ ወደ ሸዋም ተወስደው በግዞት ሳሉ አረፉ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ማንኛው ይበልጣል? በጉልበትና በክብር የሚመዝን ሰው ለጋኪ ሸሮቾ ያደላል፤ በጥበብ የሚመዝን ለአባ ጅፋር። የዋጋው ሚዛን ግን ለሁለቱም ቀላል ፍርድ አይሰጥም። አባ ጅፋር ትዕቢትን ለቀው፣ የንጉሥን ክብር ዝቅ አድርገው የሕዝባቸውን ደም ማዳናቸው እንደ ፈሰሰው ውኃ ያለ መከልከል ነው፤ ነገር ግን ከፋ በተወረረ ጊዜ የጅማም ጦር ከዘማቾቹ ጋራ ነበረ፤ በጅማው የሂርማታ ገበያም ሰው እንደ ዕቃ ይሸጥ ስለ ነበር፣ የጅማ ሰላም ለተሸጡት ሰላም አልነበረም። ጋኪ ሸሮቾም ነጻነትን ወድደው ግዞትን በራሳቸው ላይ መቀበላቸው ታላቅ ነገር ሲሆን፣ የጦርነቱን ዕዳ ከንጉሡ ይልቅ ብዙ እጥፍ የከፈለው ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ነው። እንግዲህ ሚዛኑ ትክክለኛ መሆኑን የማምነው ለወደድነው ወገን ማድላት ስለማይችል ነው፤ የዳዊትን ስም ካመሰገነ በኋላ የኦርዮን ስም እንደሚያነብ ሁሉ፣ የጎጀብን ወዲህና ወዲያ ያለውንም ከነዕዳው ያነበዋል።

እንደዚህ ከሆነ፣ ማዕረግ ማውጣትን ጨርሶ መተው አይሻልምን? የሚል ይኖራል። በእርግጥም ደቀ መዛሙርት ከእኛ ማን ይበልጣል ብለው በተከራከሩ ጊዜ ተገሥጸዋል፤ በአገራችንም ጀግና ግዳዩን ቈጥሮ በሚፎክርበት፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ እየተባሉ በፈረስ ስማቸው በሚጠሩበት ዘመን፣ ማዕረግ የብዙ ቅንዓትና የብዙ ደም ምክንያት ሆኗል። ነገር ግን ጌታ ታላቅ የሚባል የለም አላላቸውም፤ ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ ይሁን ብሎ መሰላሉን ገለበጠው እንጂ። አባቶቻችንም የቅዱሳንን ማዕረግ ዐሥር አድርገው፣ በንጽሐ ሥጋ፣ በንጽሐ ነፍስና በንጽሐ ልቡና ከፍለው ሲያስተምሩ፣ የመጀመሪያውን ደረጃ ተአምራት ማድረግ ወይም አንበሳ መግደል አላሉትም፤ ጽማዌ ብለው በአርምሞና በጸጥታ ጀመሩት፤ አራተኛውንም አንብዕ፣ ማለት ስለ ራስና ስለ ሌላው ኃጢአት የሚፈስ እንባ አደረጉት። ይህ ማዕረግ ከሩቅ ቆሞ ለሌላው የሚታደል ሳይሆን ተመልካቹ ራሱ እንዲወጣበት የተሠራ ነው፤ በዚህም ከሌላው ዝርዝር ሁሉ ይለያል።

ይህን ማለቴ የፊልም ተመልካች አንድ ልዩ ፈተና ስላለበት ነው። የቶኒ ስታርክን ሞት ያየ ሰው ያለቅሳል፤ ልቅሶውም መልካም ነው፤ ግን ምንም አላስከፈለውም። የሌላውን መሥዋዕት እያዩ መጽናናት፣ ከዳዊት በተቃራኒ፣ በነፍስ የተገዛውን ውኃ ተቀምጦ እንደ መጠጣት ነው። በነሐሴ መጀመሪያ ጾመ ፍልሰታ ሲገባ ብዙዎቹ ወጣቶች ቴሌቪዥኑን ዘግተው ለሱባኤ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሄዱት ፊልም ኃጢአት ነው ተብለው አልነበረም፤ ሆኖም ሆድን ባዶ አድርጎ እየቆሙ የሰማዕታትን ዜና መስማትና ተደላድሎ ተቀምጦ የኃያላንን ፊልም ማየት አንድ እንዳልሆነ የሚያውቀው ሁለቱንም በአንድ ክረምት ያየ ሰው ነው።

ስለዚህ የክረምቱ ዝርዝር የሚጠቅመው ተመልካቹ ሚዛኑን ከፊልሙ አውጥቶ ወደ ገበያው ሲወስደው ነው። ጥቅምት ገብቶ ቡናው ሲቀላ፣ ለቃሚው እሸቱን ተሸክሞ ወደ ሚዛን ሲመጣ፣ ሚዛኑን በጣቱ እያዘነበለ ባለጠጋ የሆነ፣ በሠርግና በልቅሶ ግን የላይኛው መቀመጫ የሚለቀቅለት ሰው ይኖራል፤ ሌላው ደግሞ በችግር ጊዜ ለጎረቤቱ ዋስ ሆኖ ዕዳ ከፍሎ፣ ከበር አጠገብ የሚቀመጥ ይሆናል። ወጣቶቹ በቴሌቪዥን ፊት የታኖስን ዕንባና የናታሻን ሞት ለይተው ከፈረዱ፣ በዚህም ጉባኤ ወንበር ሲታደል መጠየቅ ይገባቸዋል፤ ይህ ሰው ታላቅ የተባለበት ዋጋ ከማን ኪስ ወጣ? ሲጠይቁም የእነርሱ የራሳቸው ልብስና ደብተር የተገዛበትን ገንዘብ ሳይለዩ ሊመዝኑት ይገባል፤ የዳዊት ጸሐፊ ንጉሡን ሳይለይ መዝኗልና።